አንድ ጣሳ ዳቦ ቆሎ ከሐሙሲት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጐንደር የሚጓዝ ሰው በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለውን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ፣ ዘንዘልማን በስተኋላው ትቶ ከ30 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ሲል ሐሙሲትን ያገኛታል። በደራ ወረዳ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ ስሟም ከሐሙስ ገበያ ጋራ የተያያዘ ነው። ብዙው መንገደኛ በመኪናው መስኮት አይቷት ያልፋል እንጂ አይወርድባትም። እኔ ግን ባለፈው የመንፈቅ ዕረፍት አንድ ሐሙስ ቀን ወረድሁባት። የሄድሁት ዳቦ ቆሎ መሥራት ለመማር ነበር።

አንባቢ እንዳይስቅብኝ ምክንያቱን ልንገረው። በኮሌጅ ሳለሁ እናቴ በየመንፈቁ አንድ ጣሳ ዳቦ ቆሎ ትልክልኝ ነበር። ጣሳው ሲከፈት የመኝታ ክፍሉ ልጆች ሁሉ ይሰበሰቡና በዚያው ሌሊት እንጨርሰዋለን። ባዶውን ጣሳ መልሼ ስልክላት፣ እንዴት እንደምትሠራው አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟቸው ቢላዋ መጨበጥ ተስኗታል። በመምህርነት ሥራ ከያዝሁ ወዲህ ገንዘብ እልክላታለሁ፤ ባለፈው በዓል ግን «ገንዘቡስ ደረሰኝ፣ ያማረኝ ዳቦ ቆሎ ነው» አለችኝ። እርስዋን እንዳልጠይቅ፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ልሥራ ብላ እንደምትታገል አውቃለሁ። ስለዚህ አብሮኝ የሚያስተምር ባልንጀራዬ ሐሙሲት ወደሚኖሩት ወደ እናቱ ቤት ወሰደኝ።

ገበያ ወጥተን ቅቤ ልግዛ ብል እመቤቲቱ ከለከሉኝ። «ነገ ዓርብ አይደለም እንዴ ልጄ? ስንቅ ጾመኛውንም መመገብ አለበት» አሉኝና የኑግ ዘይት አስገዙኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በ4 ኩባያ የስንዴ ዱቄት 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ ይጨመራል። በዚህ ላይ ግማሽ ኩባያ ዘይት አፍስሶ ዱቄቱ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ድረስ በጣት ማሸት ነው። ውሃው የሚከተለው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ከ1 ኩባያ ማለፍ የለበትም። እኔ ቸኩዬ ባፈስሰው ሊጡ እጄ ላይ ተጣበቀና በዱቄት ማዳን ግድ ሆነ።

የዘይቱ መቅደም ምክንያት አለው። ስንዴ ከውሃ ጋራ ሲታሽ ግሉተን የሚባል፣ ሊጡን እንደ ጅማት የሚያያይዝ ነገር ይፈጠራል፤ ለዳቦ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ቅባት አስቀድሞ ዱቄቱን ከለበሰው ግን ጅማቱ አይጠነክርምና የበሰለው ነገር ከጥርስ ሥር ፍርክስክስ ይላል። ስኮትላንዳውያን ሾርትብሬድ የሚሉት ብስኩትም የሚሠራው በዚሁ ጥበብ ነው፤ የቆየው ልኩ 1 እጅ ስኳር፣ 2 እጅ ቅቤና 3 እጅ ዱቄት ነው። የእኛው ቅባቱ ስለሚያንስ ጠንከር ይላል፤ እርጥበቱም በእሳት ስለሚወጣለት በደረቅ ጣሳ ተከድኖ ለሳምንታት ይቆያል። ተማሪና መንገደኛ የወደዱት ስለዚህ ነው።

ጠጣሩ ሊጥ በትሪ ላይ እንደ እርሳስ እየቀጠነ ይድቦለቦላል፤ ከዚያም የሽንብራ ፍሬ እያከለ በቢላዋ ይቆረጣል። በወሬ የቀለለው ሥራ በእጅ ሲይዙት ከበደ። ሦስት ሰዎች ሆነን ስንቆርጥ ጥላው ዞረ፤ ጣቴም ደነዘዘ። ምጣዱ ሲጣድ ቶሎ ይብሰል ብዬ እንጨት ጨመርሁ። ፍሬዎቹ ወዲያው ጠቆሩ። እመቤቲቱ አንዱን ለሁለት ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ፤ ውስጡ ገና ሊጥ ነበር። «እሳቱን ቀንስ፤ ማማሰሉን ግን አትተው። ዳቦ ቆሎ ጥድፊያ አይወድም» አሉኝ። ቀጥሎ የገባው በዝግታ ቀላ፤ ሲታመስም እንደ ጠጠር ይንኳኳ ጀመር። መብሰሉ የሚታወቀው በዚህ ድምፅ ነው ተባልሁ።

ሲመሽ አንድ ጣሳ ሞላ። ተማሪዎች ሆነን በአንድ ሌሊት የምንጨርሰው ያ ጣሳ የአንድ ሰው ቀን ኖሯል፤ እናቴም የምትሠራው ብቻዋን ነበር።

ጣሳውን ሰደድሁላት። በሳምንቱ በስልክ «ማን ሠራው?» አለችኝ። እኔ ነኝ ብላት ዝም አለች፤ ከዚያም «ጨው ያንሰዋል» አለችኝ። በሚቀጥለው ጊዜ እንድጨምር ቃል ገባሁላት።

ከቤት የተላከ ስንቅ የሚደርስህ ተማሪ ወይም በሩቅ አገር የተመደብህ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ፣ ላኪዋ ጤና ሳለች አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጠህ ቢላዋውን ተቀበላት። እኔ ይህን ያደረግሁት ዘግይቼ፣ ያውም በሰው እናት ቤት ነው።