የቡድናችን ደብተር

ለማያውቃት ሰው ቂሊንጦ ማለት ማረሚያ ቤት ነው። «ሰፈርህ የት ነው?» ተብዬ «ቂሊንጦ» ስል፣ ጠያቂው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይስቃል፣ ከዚያ «መቼ ተፈታህ?» ይለኛል። ይህን ቀልድ በአንደኛ ዓመቴ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ የምጽፈው ግን ከግቢያችን አጥር ውጭ ስላለችው ስለ ሌላዋ ቂሊንጦ፣ በተለይም ስለ አንድ የሰፈር እግር ኳስ ቡድን ነው። ቡድኑ ዋንጫ የለውም። ቢሮ የለውም። አሁን ሜዳም የለውም። ታሪኩ የተጻፈበት አንድ ደብተር ግን ነበረው፤ ያን ደብተር ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ይህ የምንማርበት ግቢ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ ሳይቀበል፣ የቢራ ፋብሪካውም በ2007 ሳይከፈት፣ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርኩና ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጡ፣ አካባቢው ሁሉ እርሻ ነበር። ጥቁር አፈር፤ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ የሚያበቅል። አፈሩ ለገበሬ ጥሩ ነው፤ ለኳስ ተጫዋች ግን ጠላት ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ እያወለቀ ያስቀራል፤ በጋ ሲሆን መሬቱ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። ስለዚህ የእኛ «የውድድር ዘመን» ከታኅሣሥ በኋላ ነበር። እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገበሬው አውድማውን ሲለቅ እኛ እንገባለን። አውድማ ደግሞ አንዴ ተደልድሎ በከብት ኮቴ ስለተረገጠ፣ ከዚያ የተሻለ ሜዳ በአካባቢው አልነበረም። በኋላ ከጎኑ ያለው የከብት መስክ ተጨምሮ ሙሉ ሜዳ ሆነ፤ ሁለት ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተተክሎ ጎል ተሠራለት።

ቡድኑን ያቋቋሙት ሰው ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ አይወዱም። ጋሼ በወጣትነታቸው አቃቂ ከሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። አቃቂ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ፣ በኋላም የፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ ፋብሪካ ባለበት ደግሞ ኳስ አለ። በ1950ዎቹ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ ሲያሸንፍ፣ በየፋብሪካው ያለ ሠራተኛ ሁሉ «እኛስ ምን አነሰን?» ማለት ጀምሮ እንደነበር ከጋሼ ነው የሰማሁት። እሳቸውም ከሥራ ወጥተው ቂሊንጦ ሲገቡ ሁለት ነገር ይዘው መጡ፦ አንድ ያረጀ የቆዳ ኳስና የፋብሪካ ሰው ሥርዓት። ሰዓት ያከብራሉ። የዘገየ ይቀጣል። ሁሉም ነገር ይጻፋል።

«ቡድን ማለት አሥራ አንድ ሰው አይደለም» ይሉ ነበር። «አሥራ አንድ ሰው የትም ይገኛል። ቡድን ማለት ኳሱን ቤቱ የሚያሳድር ሰውና ደብተር የሚይዝ ሰው ነው።»

ኳሱን የሚያሳድሩት እሳቸው ነበሩ። ደብተሩን የሚይዘው እየተቀያየረ በመጨረሻ እኔ ላይ ደረሰ። የተመረጥኩት በችሎታዬ እንዳይመስላችሁ። በጨዋታ ከቤንች የማልነሣ ልጅ ነበርኩ፤ የእጅ ጽሕፈቴ ግን ያምራል። ጋሼ አንድ ቀን አይተው «ይሄ ልጅ በእግሩ ሳይሆን በእጁ ይጫወታል» አሉና ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ግን ደብተሩን ትራስጌ አድርጌ ተኛሁ።

ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበር፣ በላስቲክ የተሸፈነ። ከእኔ በፊት የነበሩ ሦስት ጸሐፊዎች እጅ ነበረበት። አንዳንዱን እስከ ዛሬ በቃሌ አስታውሳለሁ፦

«ኳስ ለማስጠገን 15 ብር ወጪ።»

«እገሌ ዳኛ ስለሰደበ ሁለት ጨዋታ ተቀጥቷል። እናቱ መጥተው ስለለመኑ ወደ አንድ ዝቅ ብሏል።»

«ለበግ ተጫውተን ተሸነፍን። አሸናፊዎቹ ጋብዘውን በጉን አብረን በላን።»

«ዛሬ ዝናብ ስለነበረ ጨዋታ አልተካሄደም። ሁሉም ግን መጥቶ ነበር።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ማን እንደጻፋት አላውቅም። ስንቱን ልብ ወለድ አንብቤ እንደሷ የነካኝ ጥቂት ነው።

ጋሼ የጊዮርጊስ ደጋፊ ናቸው፤ ለነገሩ ደጋፊ ማለት ያንሳል። ግማሽ ሰዓት ላይ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ሸንኮራ ስንልጥ ታሪክ ያወሩልናል። «ጊዮርጊስን ጊዮርጊስ ያደረገው ቤተ መንግሥት አይደለም፤ የአራዳ ልጆች ናቸው። እንደናንተው መዋጮ እያዋጡ» ይሉናል። እኛ ደግሞ «አሁንስ ጋሼ አበዙት» ብለን እንተያያለን። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ አገራችን ኳስ ማንበብ ስጀምር ግን ሽማግሌው እምብዛም እንዳላበዙት ገባኝ። ክለቡ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ውስጥ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ሲመሠረት ጦርነቱ ተጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። እስቲ አስቡት፤ ገና ወራት ያስቆጠረ የሰፈር ቡድን፣ አገር ተይዞ! ፋሺስቶቹ ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይጫወቱ ከለከሉ፤ የቡድኑንም ስም ቀይረው «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሉት። ልጆቹ ግን መጫወታቸውን አልተዉም። ጣሊያን ወጥቶ በ1936 የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፦ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድንና ጊዮርጊስ። ኢትዮጵያውያንን የወከለው ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱ። የሚገርመው፣ አብረን እንዳንጫወት የከለከሉን ሰዎች ቃላቸውን ጥለውልን ሄዱ፤ ጋሼ እስከ ዛሬ በጭንቅላት የተመታን ኳስ «ቴስታ»፣ ፍጹም ቅጣት ምትን «ሪጎሬ» ነው የሚሉት፤ ማሊያ የምንለውም ያው የጣሊያን ቃል ነው።

ከዚያ የሰፈር ቡድን የወጡት ይድነቃቸው ተሰማ 23 ዓመት ለጊዮርጊስ ተጫውተው፣ በ1954 የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆኑ። ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ተቀበለ። ይድነቃቸው ከ1964 ጀምሮ በ1979 እስኪሞቱ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በደርግ ዘመን ደግሞ ክለቦች በየመሥሪያ ቤቱ ሲደራጁ የጊዮርጊስ ስም እንደገና ጠፍቶ «ቢራ» ተባለ። ስሙ ሁለት ጊዜ ተወሰደበት፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ለምን ተመለሰ? የሚያስታውስ ሰው ስለነበረ ነዋ!

የእኛ ቡድን ስምም ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፤ ማሊያ የሰጠን ሰው ሁሉ ስም ይዞ ይመጣል። የሚያስታውሰው ግን ደብተሩ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደረሰ። ሒሳብ አልገባኝ ብሎ ሌት ተቀን ቁጥር እሠራለሁ፤ ወረቀት ይበላል። አንድ ሌሊት ደብተር አለቀብኝ። ሱቅ ተዘግቷል። ትራስጌዬ ያለው የቡድኑ ደብተር መጨረሻው ላይ ባዶ ሉክ አለው። «አንድ ሉክ ምን አላት?» አልኩ። ቀደድኩ። በማግሥቱም «አንድ ሉክ ምን አላት?» አልኩ። እንዲህ እያልኩ ባዶውን ጨረስኩና፣ በተጻፈበት ገጽ ጀርባና ኅዳግ ላይ መሥራት ጀመርኩ። የእገሌ ቅጣት ላይ ሎጋሪዝም ጻፍኩበት። በመጨረሻም ደብተሩ ከሌሎቹ ያለቁ ደብተሮች ጋር ተከመረ። ፈተናው ሲያልቅ እናቴ «ልጄ፣ እነዚህን ያለቁትን ለከሰል ማያያዣ ላድርጋቸው?» አለችኝ። እኔም ከአልጋዬ ሳልነሣ «አድርጊያቸው» አልኳት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሜዳው ላይ ችካል ተተከለ። ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል፣ አንዱ ልክ የፍጹም ቅጣት ምት መምቻው ላይ። ጋሼ ሦስት ሰው መርጠው ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድን፤ እኔ እንደ ጸሐፊ። የተቀበለን ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጠን፣ አዳመጠን። ከዚያ «መሬቱ በመዝገባችን ሜዳ አይልም። ወጣቱ ሲገለገልበት እንደነበረ የሚያስረዳ ማንኛውም ጽሑፍ ካላችሁ አምጡና ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ» አለ።

የጋሼ ፊት በራ። «አለን እንጂ! የስንት ዓመት!» አሉና ወደኔ ዞሩ።

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የተመኘሁበት ጊዜ የለም። «እ... እቤት ነው፣ እፈልገዋለሁ» አልኩ። ሁለት ሳምንት ፈለግሁ። የሌለን ነገር መፈለግ እንዴት እንደሚያደክም! ጋሼ በየቀኑ በር ላይ ይመጣሉ፣ እናቴ ቡና ታፈላላቸዋለች፣ እኔ ቁም ሣጥን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እናቴ እንኳ ምን እንደምፈልግ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ያቃጠለችው እሷ መሆኗን ታውቅ ነበርና።

በመጨረሻ አንድ ማታ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ጋሼ ኳሱን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። አላቆሙም። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣

«ፈተናውን አለፍክ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሒሳቡንም?»

«ሒሳቡንም።»

«እንግዲያው ወረቀቱ በከንቱ አልሄደማ» አሉ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ!

ወገኖቼ፣ ደብተሩ ቢኖር ሜዳው ይተርፍ ነበር ብዬ አላታልላችሁም። ችካሉ ከማመልከቻችን በፊት ተተክሎ ነበር። ቤት የሚፈልግ ሰውም ብዙ ነው፤ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ቤተሰብ ያገኘውን ደስታ አይቻለሁና አልረግምም። ግን አንድ ነገር አለ። ደብተሩን ይዘን ሄደን ቢሆን ኖሮ፣ እንቢ የምንባለው ቢያንስ እንደ ቡድን ነበር፤ ከነስማችን፣ ከነመዋጯችን፣ ከነዝናቡ ቀን። ያለ ደብተር ስንሄድ ግን ሜዳ ላይ የሚውል ጎረምሳና አንድ ሽማግሌ ብቻ ሆንን። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አሁን እሑድ እሑድ ከግቢ እወጣለሁ። አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ፣ ባለ 50 ሉክ። የድሮ ተጫዋቾችን እየዞርኩ እጠይቃለሁ። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ ሳይወርድ ነው የሚያወራኝ። አንዱ የኮንዶሚኒየም ጥበቃ ነው፣ የሚጠብቀውም ሕንፃ የቆመው እሱ በረኛ በነበረበት ጎል አጠገብ ነው። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ጎል ሦስት ዓይነት ታሪክ ይነግሩኛል፤ ሦስቱንም እጽፋለሁ። ስለ በጉ ሁሉም ይስማማል። «ሁሉም ግን መጥቶ ነበር» ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን «እኔ ነኝ» ያለኝ የለም።

በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ቡድን ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ ሐዋሳም ሁን፣ ደሴም ሁኚ፣ መርካቶም ሁኑ። ደብተሩ ማን ጋ እንዳለ እስቲ ዛሬ ማታ ደውላችሁ ጠይቁ። አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ አስገልብጡ። የእኔን አንዱን ቅጂ ጋሼ ቤት አስቀምጫለሁ፤ ይህች መጽሔታችን ደግሞ ተባዝታ በየመኝታ ክፍሉ ስለምትገባ፣ አንድ ሰው ለከሰል ማያያዣ ቢያደርጋት ሌላው ጋ ትገኛለች።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ቤት ስሄድ ከአልጋቸው ሥር ኳሱን አውጥተው ነፋ ነፋ አድርገው ጨመቁት። ትንሽ አየር ጎድሎታል። «የብስክሌት ማንፊያ ከግቢ ካገኘህ ይዘህ ና» አሉኝ።

«ሜዳ የት አለና ጋሼ?» አልኳቸው።

«እኔ የጠየቅሁህ ማንፊያ ነው» አሉኝ።

ማንፊያ ያላችሁ፣ እባካችሁ አውሱኝ።