ቲቸር፣ እርስዎ ተከትበዋል?



ለዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ በቅርቡ ክፍል ውስጥ ከተነሣ ጥያቄ የመነጨ ነው። መምህራችን «ነገ በምታስተምሩበት ትምህርት ቤት የክትባት ቡድን ቢመጣና ልጆቹ እንከተብ ወይ ብለው ቢጠይቋችሁ ምን ትመልሳላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። ሁላችንም ዝም አልን። እኛ በኋላ ወንበር የምንቀመጠው ሦስት ጓደኛሞች ዝም ያልነው መልሱ ጠፍቶን ሳይሆን የራሳችን ጉድ ትዝ ብሎን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የኮሮና ክትባት ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ በዘመቻ ሲሰጥ፣ እዚሁ ሻሸመኔ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። ነጭ ጋዋን የለበሱ ሁለት ባለሙያዎች ሣጥናቸውን አንጠልጥለው ክፍላችን ገቡ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እርስዎ ተከትበዋል?» አለች። አስተማሪያችን ፈገግ ብለው «እስቲ መጀመሪያ እናንተ ሞክሩት» አሉ። ለቀልድ ያሉት ይመስለናል። ቀልዱ ግን ክፍሉን ባዶ አደረገው። ግማሹ በበር፣ ግማሹ በመስኮት ወጣ። እኛም በአጥሩ ሾልከን በባጃጅ ወደ አቦስቶ ተፈተለክን። ያን ዕለት ስንስቅ ዋልን።

የሸሸነው መርፌውን ፈርተን አልነበረም፤ ወሬውን እንጂ። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጡት የሰፈራችን ታላላቆች «ኧረ እኛ ዶርም ማን ተከተበ? ወጣት ምን ይሆናል?» ይሉን ነበር። አንዱ «መካን ያደርጋል» አለ፤ ሌላው «ደም ያረጋል» አለ። የመካንነቱ ወሬ መሠረት የለውም። የደሙ ነገር ግን ከአንድ እውነት ተነሥቶ የተጋነነ ነው። ይኸውም ሀገራችን መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በአስትራዜኔካ መከተብ ከጀመረች ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በደም መርጋት ጥርጣሬ ይህንኑ ክትባት ለጊዜው አቆሙ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መጋቢት 9 ቀን ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ አስታወቀ። ችግሩም እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ መሆኑ ታወቀ። ምን ዋጋ አለው! የመቆሙ ወሬ በአንድ ቀን ሻሸመኔ ሲደርስ፣ የመቀጠሉ ወሬ መንገድ ላይ ቀረ።

እኛም ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ካልተከተበ እኛ ማን ነን አልን። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

ከመካከላችን የአንዱ አያት ክትባቱ ቀበሌ መድረሱን ሰምተው «ልጆቼ፣ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ልሂድ ወይስ ልተው?» ብለው ጠየቁን። እኛም ቡናቸውን እየጠጣን «ይቅርብዎት እማማ» አልናቸው። በታኅሣሥ ወር ሳል ያዛቸው። ሲመረመሩ ኮሮና ሆነ። ስድስት ቀን በኦክስጅን ቆዩ። እማማ ከግቢ የማይወጡ ሰው ናቸው፤ ገቢ ወጪዎቹ እኛ ነበርን። ፈጣሪ ይመስገን፣ ተረፉ። በሽታው በሀገራችን በይፋ የተመዘገበ ከ7,500 በላይ ሰው ገድሏልና ሁሉም እንደ እርሳቸው አልታደለም።

ልንጠይቃቸው ስንሄድ አልተቆጡንም። ጉንጫቸው ላይ ያለውን የልጅነት የፈንጣጣ ጠባሳ እየዳሰሱ «እናንተ መርፌውን የምትፈሩት በሽታውን ስላላያችሁት ነው» አሉን። ከተቆጣ ሰው ይልቅ ይህ ቃል አሳፈረን።

በኋላ ስናነብ እንደተረዳነው፣ ፈንጣጣን ለማጥፋት ዘመቻው በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። ከታቾች በእግርና በበቅሎ ተራራና በረሃ አቋርጠዋል። በሀገራችን የመጨረሻዋ ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ ዲሞ በምትባል መንደር የተገኘች የሦስት ዓመት ሕፃን ናት። በ1972 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። እንግዲህ እኛ ፊታችን ያለ ጠባሳ ያደግነው ሌሎች ክንዳቸውን ስለሰጡ ነው ማለት ነው።

ወረርሽኙ አለፈ፤ ጥያቄው ግን አላለፈም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለልጃገረዶች በትምህርት ቤት ሲሰጥ ቆይቷል። ነገ በኩየራም ሆነ በሌላ ገጠር ቀበሌ ስንመደብ እናቶች መጥተው የሚጠይቁት እኛን ነው። አንዲት ልጅም እጇን አውጥታ ያችኑ ጥያቄ ትጠይቀናለች።

ስለዚህ ሦስታችን ተመካክረን ይህን ወሰንን። የተከተብነውን «አዎ፣ ተከትቤያለሁ» እንላለን። ክንድ እንደሚያም፣ አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩስ እንደሚችልም አንደብቅም። የማናውቀውን ከጤና ባለሙያ ጠይቀን እንመልሳለን እንጂ በወሬ አንሞላውም። በተለይም በዚህ ነገር አንቀልድም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ! እናንተስ ጓደኞቻችን፣ ያቺ ልጅ እጇን ስታወጣ ምን ትሏታላችሁ?