ትንሹን ሸራ ስቀሉ

ሲያትል የምትኖረው ልጄ ባለቤት ከጓደኛው ጋር 22 ጫማ ርዝመት ያላት ባለሸራ ጀልባ ገዝቷል። ልጄ ደግሞ የ13 ዓመቱ ልጃችን እንዳይሳፈርባት ከልክላ ነበር። ለጥየቃ ሄጄ ባልና ሚስቱን ስከራከሩ ደረስኩ። እኔ ጣና ዳር ባድግም የማውቀው የደንገል ታንኳ ነው፤ እሱ በመቅዘፊያ እንጂ በሸራ አይሄድም። ስለዚህ ከመፍረዴ በፊት ልየው ብዬ ሦስት ቅዳሜ ሺልሾል ቤይ ወደሚባለው የጀልባ ማቆሚያ አብሬያቸው ወረድኩ።

ጀልባዋ ከምሰሶው በስተኋላ አንድ ዋና ሸራ አላት። ከፊት የሚሰቀሉት ግን ሦስት ናቸው፤ እንደ ነፋሱ ይቀያየራሉ። ትልቁ በጣሊያን ከተማ ስም ጄኖዋ ይባላል፤ ምሰሶውን አልፎ ወደኋላ ይደርባል። ትንሹ ለማዕበል የሚሆን ነው፤ አንድ ጋቢ ቢያክል ነው። መካከለኛው «ጂብ» ይባላል። (የልጅ ልጄ «እማማ፣ ጂቡን አቀብይኝ» ሲለኝ የሐረር ሰው መሰልኩህ እንዴ አልኩት።)

በእነሱ ጀልባ እስከ 10 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚነፍስ ነፋስ ጄኖዋ ይመቻል። ከዚያ ከፍ ሲል ጂብ ይሰቀላል። ወደ 20 ሲጠጋ ዋናውንም ሸራ ማሳጠር የግድ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሸራውን የሚገፋበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናልና ጭማሪውን በዓይን መገመት ያሳስታል።

የበለጠ የሚያሳስተው ግን አቅጣጫው ነው። በበጋ ጥሩ ቀን ሲሆን በዚያ አካባቢ ከሰዓት በኋላ የሰሜን ነፋስ ይነሳል። ከሺልሾል ወደ ደቡብ፣ ወደ አልካይ ሲወርዱ ነፋሱ ከኋላ ነው። 15 ኖት እየነፈሰ ጀልባዋ በ5 ኖት ብትሸሸው ፊታችሁ ላይ የሚሰማችሁ 10 ብቻ ነው። ሻይ እየጠጡ ይሄዳሉ። ለመመለስ ዞረው ነፋሱን ሲጋፈጡት ያው ነፋስ 19 ገደማ ይሆናል። ጀልባዋ በጎኗ ትተኛለች፣ መሪው ይከብዳል። ያኔ ጄኖዋ ተሰቅሎ ከሆነ አንድ ሰው እየተንፏቀቀ ወደሚዘለው አፍንጫዋ ሄዶ መቀየር አለበት።

እኔን ያሳሰበኝ ያ ሰው ነው። የፑጀት ሳውንድ ውሃ በበጋም ቢሆን አብዛኛው ቦታ ከ15 ዲግሪ በታች ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው ሳያስበው በኃይል አየር ይስባል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚገባው ውሃ ነው። ትንፋሹ እስኪረጋጋ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። በ10 ደቂቃ ገደማ ደግሞ እጅና እግር መታዘዝ ይጀምራሉ እምቢ ማለት። ነርስ ሆኜ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና «ልጁ ዋና ይችላል» የሚለው የአማቼ ክርክር አላሳመነኝም።

ስለዚህ ለልጄ ያልኳት እንዲህ ነው። መከልከሉ ይቅር፤ ግን የሚታየው የመነሻው ሳይሆን የመመለሻው ሰዓት ትንበያ ይሁን። ካጠራጠረ ጂብ ይሰቀል፤ የሚሰቅለውም ልጁ ራሱ፣ ገና ጀልባዋ ታስራ ሳለች። ተንሳፋፊ ጃኬቱን ሳያስር ደግሞ መረማመጃው ላይ አይወጣም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ለስለስ ያለ ነበር፤ ለከሰዓት የተተነበየው ግን 15 ኖት። ልጁ ጂቡን እያጉረመረመ ሰቀለ። ጎረቤቶቻቸው በጄኖዋ አልፈዋቸው ሲሄዱ ከዳር ሆነን አየን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለሱ ባሕሩ ነጭ አረፋ አውጥቶ ነበር። የእኛዋ በመጠኑ ዘንበል ብላ መጣች። አንዲት ሌላ ጀልባ ላይ ሁለት ሰዎች ከፊት ሸራው ጋር ሲታገሉ ልጄ ክንዴን ይዛ ታይ ነበር።

ልጁ ወርዶ የመጀመሪያ ቃሉ «ስንሄድ ኤሊ ነበርን» ነው። እናቱም ገና አልተረታችም፤ ከ15 ኖት በላይ ከተተነበየ ቤት ይቀራል ብላለች። በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ።