ቤንዚኑን ከቤት አውጡት

በድሬዳዋ ሙቀት በመኪና ኮፈን ሥር ያለ የጎማ ቱቦ ቶሎ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የልጄን መኪና ቱቦዎች የማጸዳው እኔ ነኝ። ብዙ ሰው በቤንዚን ይወለውላል። ቤንዚን ግን ጎማን ያሳብጣል፤ ብልጭታ ካገኘም ይቀጣጠላል። እኔ ሞተሩ ፍጹም እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ሲደርቅ ሲሊኮን ያለበት የጎማ ቅባት በስሱ እቀባለሁ፤ ቺንጋውን ግን አላስነካም፣ ያንሸራትተዋልና።

በነርስነት ዘመኔ አንጀቴን የሚበላው ግን በውሃ ፕላስቲክ የተቀመጠ ቤንዚን ጠጥቶ የሚመጣ ሕፃን ነበር። እንዲህ ካጋጠማችሁ ወተት አታጠጡት፣ አታስመልሱት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባል። ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሱት። ለጽዳቱስ ሳሙና ይበቃል።