ጃኬት ይያዝ አይያዝ?

ሰቆጣ ልንሄድ በተነሳን ቁጥር እኛ ወንድምና እህቶች መናኸሪያ ሳንደርስ የምንጣላበት ጉዳይ አለ፦ ጃኬት ይያዝ አይያዝ። ስልካችን አንድ ቁጥር ይነግረናል። እምዬ (አያታችን ናቸው) ግን "ትናንት በነጠላ አደርን፣ ዛሬ ጋቢም አልበቃን አለ" ብለው ያንን ቁጥር ገደል ይከቱታል።

እኛም እንደ ተማረ ሰው "እምዬ፣ ዓለም እኮ በአማካይ እየሞቀች ነው" እንላቸዋለን። ለካ እሳቸው የሚያወሩት ሌላ ኖሯል! አራቱንም ቀን 20 ዲግሪ ቢውልና 15፣ 25፣ 15፣ 25 እያለ ቢገለባበጥ አማካዩ ያው 20 ነው። የእምዬ ጉልበት ግን ያው አይደለም። የአጎታችን ንቦችም እንዲሁ።

እኛን ያስተማረን የዋግ ማር ነውና ስለ ንቡ እናውራ። ንብ እጮቿን የምታሳድገው 35 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ውስጥ ነው። ሲሞቅ በክንፏ እያራገበች ታቀዘቅዛለች፤ ሲበርድ ከእህቶቿ ጋር ተጠጋግታ፣ ያጠራቀመችውን ማር እየበላች ቀፎውን ታሞቃለች። አየሩ በየቀኑ ሲገለባበጥባት ሥራዋ ይኸው ሆኖ ይቀራል። ማሩን ማን ይሥራ?

እ.ኤ.አ. በ2021 የፖትስዳም ተመራማሪዎች ከ1,500 በላይ አካባቢዎችን የ40 ዓመት መረጃ ሲመረምሩ፣ ይህ የቀን ተቀን መዋዠቅ በ1 ዲግሪ ሲጨምር የአካባቢው ኢኮኖሚ ዕድገት በአማካይ በ5 የፐርሰንት ነጥብ ዝቅ ብሎ አገኙት። ይበልጥ የሚጎዳው ለምድር ወገብ የቀረበው ድሃ ነው። ካናዳዊው የዲግሪውን ዝላይ ለምዶታል፤ ቤቱም ልብሱም ለዚያ ተሠርቷል። የኛ ሰው የለመደው ቀን ሞቆ ሌሊት መቀዝቀዙን እንጂ ነገ ከዛሬ መለየቱን አይደለም። (ይባስ ብሎ የሰሜን ዋልታ ፈጥኖ ስለሚሞቅ፣ እዚያ ማዶ በብርድ ወራት መዋዠቁ እየቀነሰላቸው ነው። ይቺ ፍርደ ገምድልነት አይደለችም ትላላችሁ?)

ባለፈው ኅዳር ይህን ሁሉ ለአጎታችን በኩራት ተነተንንላቸው። ጥሩ አድርገው አዳመጡንና "እንግዲያው ቀፎዎቹን ልሽጥ ወይስ ልተዋቸው?" አሉን።

ሦስት ዲግሪ ይዘን (የትምህርቱን ማለታችን ነው) ሦስታችንም ጫማችንን አየን።

ለገና ስንመለስ ከአምስቱ ቀፎዎች ሁለቱ ተሸጠዋል። ጃኬት ይዘን ነበር። ያን ሳምንት ደግሞ ሞቀ።