በእንጦጦ ጠበል የሚቀሩ ወንድሞች

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ፣ አቀበቱም የበረታ ነው። ግራና ቀኙን ባሕር ዛፍ ሸፍኖታል፤ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ከሸክሙ ክብደት የተነሣ አጎንብሰው ስለሚሄዱ ፊታቸው በደንብ አይታይም። በተራራው ራስ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ታሪክ ፈላጊ እንግዳ እርሷን ተሳልሞ ይመለሳል፤ በቤቱ ሕመምተኛ ያለበት ግን ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይዘልቃል።

በዚያ ሰዎች እህል ሳይቀምሱ በማለዳ ይጠመቃሉ። በአካባቢው ቤት ተከራይተው ሱባዔ የሚይዙት ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል አእምሯቸው የታወከ ጎልማሶች አሉ፤ ሮጠው እንዳይጠፉ እግራቸው በሰንሰለት የታሰረም አይታጣም። ይህን ማየት ልብን ያደማል። በአጠገባቸው የምትቀመጠው አስታማሚ እናት ወይም እኅት ትሆናለች፤ አንዳንዱ ግን በገንዘብ የተቀጠረ ባዕድ ነው። ቤተሰቡ በመጀመሪያው ወር ስንቅ ይዞ ይመላለሳል፤ በሁለተኛው ገንዘብ ብቻ ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሣም።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ አንዲት ወይዘሮ ከዛፍ ጥግ ቆማ፣ ያመጣችውን ስንቅ በአስታማሚው እጅ ስትልክ አየሁ። ወደ ወንድሟ አልቀረበችም። በዚያ ያልፉ የነበሩትን መነኩሴ መስቀል ተሳልማ፣ «አባ፣ እርሱ እኮ እናታችንን በዱላ የመታ ነው። ከዐሥር ዓመት ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። ልረዳው ይገባኛልን?» አለቻቸው። እርሳቸውም ወደ ስንቁ እያመለከቱ፣ «ይህንን ማን አዘዘሽ፣ ልጄ?» አሏት። መልስ አልሰጠችም።

ጥያቄዋ ለሀገራችን ሕግ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ቀለብ የመስጠት ግዴታ በወላጅና በልጅ መካከል ብቻ ሳይወሰን በወንድማማችና በእኅትማማች መካከልም እንዳለ ይደነግጋሉ። ቀለብ ሲባልም እንጀራ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስና ጤናን መጠበቅም አለበት። ሆኖም ጠያቂው የተቸገረና ሠርቶ ለማደር የማይችል መሆን ይገባዋል። ታረቁ ወይም ተዋደዱ የሚል ግን በሕጉ የለም፤ ይህንን ለንስሐ አባት ትቶታል።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ የሚባለው በ38 ዓመት ሕመምተኛ ስም ነው። ያ ሰው ለጌታችን ያሰማው አቤቱታ ወደ ጠበሉ የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር። ጌታችንም ፈወሰው። መምህሮቻችን ሲያስተምሩ፣ በኋላ በሊቀ ካህናቱ ፊት ጌታን በጥፊ የመታው ይኸው ሰው ነው ይላሉ። እንግዲህ የሚመታውን እጅ እያወቀ ነው የፈወሰው። ስለዚህ «ውለታ ቢስ ነውና አልረዳውም» የሚለው ምክንያት እኔን አያሳምነኝም።

ይሁን እንጂ ቢላዋ የመዘዘን ሰው «ደም ነው፣ ከውኃ ይወፍራል» እያሉ ሕፃናት ባሉበት ቤት እንዲያስገቡ ዘመድን የሚያስገድዱ ሽማግሌዎች አሉ። ይህ ምሕረት አይመስለኝም። በርን መዝጋትና ስንቅን መከልከል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሊያየው የማይችል ያብስል፤ ባሕር ማዶ ያለው የአስታማሚውን ደመወዝ ይላክ፤ ሌላው አማኑኤል ሆስፒታል ወስዶ ያስመርምረው፣ መድኃኒቱም እንዳይቋረጥበት ይከታተል። በብዙ ቤት ግን ሸክሙ ሁሉ ባላገባችው እኅት ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ ሌሎቹ በበዓል ቀን ብቻ «እንዴት ሆነ?» ይላሉ።

አስታማሚዎቹን ምን እንደሚቸግራቸው ብጠይቃቸው ስለ ገንዘብ ብዙ አላወሩም። የሚያስጨንቃቸው ሕመምተኛው የተሻለው ዕለት ነው፤ ሰንሰለቱ ተፈትቶ፣ ልብሱ ታጥቦ፣ ጓዙን ይዞ በር ላይ ይቀመጣል፤ የሚወስደው ሰው ግን አይመጣም።