ሕፃናትን በቅዳሴ መካከል ስለ ማስተማር

ሕፃን ወንድ ቢሆን በ40 ቀን፥ ሴት ብትሆን በ80 ቀን ይጠመቃል፤ በዚያው ዕለትም ሥጋ ወደሙን ይቀበላል። ስለዚህ ከወንጌል በኋላ ዲያቆኑ ንኡሰ ክርስቲያን እንዲወጡ ሲያዝ፥ ትእዛዙ ሕፃኑን አይመለከተውም፤ ንኡሰ ክርስቲያን የሚባለው ገና ሳይጠመቅ ሃይማኖትን በመማር ላይ ያለ ሰው ነውና። እንግዲህ ዲያቆኑ ያላስወጣውን ሕፃን፥ ታሪክ ይማር ተብሎ በቅዳሴ ሰዓት ወደ ሌላ ቤት መውሰድ በምን ሥርዓት ነው?

ይህ ልማድ በውጭ አገር፥ ይልቁንም በአሜሪካ ባሉ አንዳንድ አጥቢያዎች ይታያል። ልጆቹ አማርኛ ጠንቅቀው ስለማይሰሙ በእንግሊዝኛ ይማሩ ተብሎ ነው። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ ታሪኩን በአንድ ቤት፥ ጸሎቱን በሌላ ቤት ካገኘው፥ ሁለቱን ማን ያገናኝለታል? የአገር ቤቱም ቢሆን ከነቀፋ አይድንም። በዚያ ልጁ ከውስጥ ይቆማል፤ «ዝም በል» ከማለት በቀር ግን የሚነግረው የለም።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 ልጆች የፋሲካን ሥርዓት አይተው ነገሩን በጠየቁ ጊዜ፥ አባቶች ታሪኩን እንዲነግሯቸው ታዟል። ጥያቄው የሚነሣው ልጁ ከሥርዓቱ መካከል ስላለ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ልጅን የሚያስጠይቅ ነገር አላጣችም። በጣና ባሕር ዳር፥ በዘጌ፥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው በመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል ላይ መጽሐፍ ሳይገልጥ ብዙ ያነባል። በሆሣዕና ዘንባባ አለ፤ በታኅሣሥ 19 ከእሳት የዳኑት ሠለስቱ ደቂቅ አሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን ለሕፃናት የሚስማማው ጾመ ነነዌ ነው።

ይህ ጾም ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ ሰኞ፥ ማክሰኞና ረቡዕ ይጾማል፤ የዮናስም መጽሐፍ 4 ምዕራፍ ብቻ ናት። ተራኪዎች ብዙውን ጊዜ ዓሣ አንበሪውን ነግረው ያበቃሉ። ዓሣውስ መልካም ነው፤ ያለ ዓሣው ወደ ነነዌ የሚሄድ ሕፃን አይገኝም። ይሁን እንጂ የታሪኩ ልብ ያለው በመጨረሻው ነው። ዮናስ ከተማዪቱ ስላልጠፋች ተቈጥቶ በቅል ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ቅሉን ትል መትቶ ባደረቀው ጊዜ አዘነ። እግዚአብሔርም ላልደከመበት ቅል ማዘኑን አንሥቶ፥ ቀኝና ግራቸውን ለማይለዩ ከ120,000 ለሚበልጡ ሰዎች፥ ለብዙ እንስሳም መራራት አይገባ እንደ ሆነ ጠየቀው። እነዚህ ቀኝና ግራ የማይለዩት ሕፃናት ናቸው ብለው የሚተረጕሙ አሉ። በዚህ ትርጓሜ ነነዌ ምሕረት ያገኘችው ስለ ሕፃናቷም ነው። የእናቱን ነጠላ ይዞ የቆመ ልጅ ይህን ቢሰማ፥ የሚነበበው ስለ እርሱም እንደ ሆነ ያውቃል። መጽሐፉ የሚያበቃው በጥያቄ ነውና፥ ተራኪው ቸኩሎ አይመልስለት።

ስብከት ከወንጌል በኋላ በሚሰጥበት አጥቢያ ከዚያ 10 ደቂቃ ለሕፃናቱ ይከፈል፤ ባልሆነበትም ቅዳሴው ሳይገባ በመቅደሱ ሥዕል ፊት ይሰብሰቡ። ቋንቋው ልጁ የሚሰማው ይሁን፤ እንግሊዝኛም ቢሆን ነውር የለበትም፤ ብቻ ከዚያው፥ እናትና አባቱ ከቆሙበት አይውጣ። በጾሙ ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት መልስ ይደርሳሉ። ሰኞ ዮናስ ገና በዓሣው ሆድ ሳለ ቃጭል ቢሰማ፥ ተራኪው እዚያው ያቁም፤ ማክሰኞ ልጁ ራሱ እናቱን ጎትቶ ይመጣል።